እንጨትን በበጋ ስለ መፍለጥና ስለ መደርደር

ልጆች ሆይ፤ «እንጨት መፍለጥ የሎሌ ሥራ ነው፤ ለተማሪ አይገባውም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው። በቤት ውስጥ ካሉት ሥራዎች መካከል የሰውን ልብ እንዲህ የሚመረምር ሥራ ጥቂት ነው። እንጨቱን የሚያዘጋጀው አንድ ሰው ነውና፤ በጢሱ የምታነባው ግን ሌላ ናት። ሰው በራሱ ላይ የሚመጣውን ጉዳት ለማራቅ ይተጋል፤ በሌላው ላይ የሚወድቀውን ግን ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ ማገዶውን ጊዜው ሳያልፍ ፈልጦ የሚያደርቅ ልጅ እናቱን እንደሚወድ በሥራው ገለጠ ማለት ነው።

እርጥብ እንጨት ለምን እንደሚጤስ አስቀድመን እንወቅ። አዲስ የተቈረጠ እንጨት በውስጡ ብዙ ውኃ አለው፤ ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውኃ ነው። 20 ኪሎ እርጥብ እንጨት የተሸከመ ሰው እስከ 10 ኪሎ ውኃ ሊሸከም ይችላል ማለት ነው። ይህ እንጨት ወደ ምድጃ በገባ ጊዜ እሳቱ አስቀድሞ ያን ውኃ አፍልቶ በእንፋሎት ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ድስቱን ሊያፈላ የሚገባው ሙቀት በዚህ ያልቃል። እሳቱም ስለሚቀዘቅዝ፥ ሊነድ ይችል የነበረው ነገር ሳይነድ በጢስ መልክ ይወጣል። «ከደረቅ ጋራ እርጥብ ይነዳል» ይባላል፤ እውነት ነው፥ ይነዳል፤ ነገር ግን የደረቁን ሙቀት እየሰረቀ ነው።

የጢስ ጉዳት ዐይንን በማቃጠል ብቻ አይቀርም፤ ወደ ሳንባ ገብቶ ደዌ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓመት ከየቤቱ እሳት በሚወጣው ጢስና ጥቀርሻ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነርሱም ከ237,000 የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እናቱ የምትተነፍሰውን ጢስ ይተነፍሳልና።

አሁን ደግሞ የሥራውን ሥርዓት እንማር። በደጋው አገራችን ብዙው ማገዶ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የአውስትራልያ ዛፍ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ይህ ዛፍ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይፈለጣል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ይጠነክራል። ስለዚህ የሚዘገይ ሰው ለራሱም ድካም ይጨምራል። የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው በዛቢያው ላይ መጥበቁን ይመርምር፤ ትንንሽ ልጆችን ያርቅ፤ ጉማጁንም በሰፊ ግንድ ላይ ያቁም። አንጓ ባለበት አይምታ፤ ስንጥቅ በታየበት ይምታ። ወፍራም ግንድ ቅርፊቱ ውኃውን ስለሚይዝበት ሳይፈለጥ ቶሎ አይደርቅም። የተፈለጠ እንጨት ግን ሆዱ ለነፋስ ስለሚገለጥ ፈጥኖ ይደርቃል።

ፍልጡ በመሬት ላይ አይጣል፤ መሬት እርጥበትንና ምስጥን ይሰጠዋል። ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ወይም ድንጋዮች ከሥር ይነጠፉለት። ከዚያ በኋላ በረድፍ ይደርደር፤ በመካከሉም ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት። የረድፉ ዳርና ዳር እንዳይናድ ፍልጡን በመስቀለኛ አድርጎ መደርደር ይገባል። ከላይ ክዳን ይሁንለት፤ ጐኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሁን። እንጨቱ መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ እርስ በርሱ አጋጩ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ሁለት ጐረቤቶችን በልባችን እናስብ። ሁለቱም በኅዳር ወር እኩል እንጨት ገዙ። የአንደኛው ልጅ በዚያው ሳምንት ፈልጦ ደረደረው። የሁለተኛው ልጅ ግን «ክረምት ገና ሩቅ ነው» እያለ ግንዱን በጓሮ ተወው። ሐምሌ በገባ ጊዜ በአንደኛው ቤት እሳቱ በጥቂት ጭራሮ ተያያዘ፤ እናቲቱም ቡናውን አፍልታ ልጆቿን ጠራች። በሁለተኛው ቤት ግን ግንዱን ከሥር ምስጥ በልቶታል፤ ከላይ ዝናም አርሶታል። እናቲቱ ጐንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ ዐይኗ ይቀላል፤ ያዘለችውም ሕፃን ያስላል። ልጁስ ወዴት ነው? ጢሱን ሸሽቶ በደጅ ቆሟል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ስንፍናው የልጁ ነው፤ እንባው ግን የእናቱ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አዲስ ምድጃ ከተገዛ ይበቃል» ይላሉ። በሚገባ የተሠራ ዝግ ምድጃ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨት ይቈጥባል፤ የጢስ መውጫ ካለውም ጢሱን ወደ ውጭ ያወጣል። አቅም ያለው ቢገዛው መልካም ያደርጋል። ነገር ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደ ተባለ፥ እርጥብ እንጨት በየትኛውም ምድጃ ቢገባ መጤሱ አይቀርም። ደረቁም ቢሆን ጥቂት ጢስ አያጣም፤ ስለዚህ ምግብ ሲበስል በርና መስኮት ይከፈት፤ ሕፃናትም ከእሳቱ ይራቁ።

ምክራችን ይህ ነው። ለመጥረቢያ ያልደረሱ ልጆች ጭራሮ ይልቀሙ፤ ፍልጡንም ይደርድሩ። ለመጥረቢያ የደረሱት ዝናሙ እንዳቆመ፥ በጥቅምትና በኅዳር፥ ይፍለጡ። እንጨት የሚፈልጥ ሁሉ ደግሞ በክረምት አንድ ማለዳ እሳቱን ራሱ ያንድድ። እንጨቱ ደረቅ ከሆነ በሥራው ደስ ይለዋል፤ እርጥብ ከሆነም በሚመጣው በጋ አይዘገይም። የበጋ ትጋት በክረምት ምድጃ ይታያልና።