ቁጥሩ ካርድ ክፍል ምን ይሠራል?

ቱሪስት የደጋ አጋዘን ለማየት ወደ ዲንሾ ይወጣል፤ የዲንሾ ሰው ደግሞ ልቡን ሲያመው 400 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ አዲስ አበባ ይወርዳል። እዚያ የልቡ ደም ሥር በፊኛ ተከፍቶ፣ ስቴንት የሚሉት የሽቦ ድጋፍ ገባለት እንበል። "በቃ፣ አገርዎ ይግቡ" ተባለ።

በአራተኛው ቀን ደረቱን ጨምድዶ ቢይዘውስ? ጎባ ሆስፒታል ያደርሱታል። ደሙ ተመርምሮ ትሮፖኒን ከፍ ብሎ ተገኘ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። ስቴንቱ በሰላም ቢገባም ሊጨምር ይችላል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከነበረ ደግሞ ከሳምንት በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። ታዲያ ይሄ የፊተኛው ርዝራዥ ነው ወይስ አዲስ አደጋ? ሐኪሙ ከሰዓታት በኋላ መልሶ ይለካል። የፊተኛው ቁጥር በእጁ ቢኖር ግን ባልተደናገረ። ቁጥሩ የት ነው? አዲስ አበባ፣ ካርድ ክፍል!

ባለሥልጣን ሲታመም ውጭ አገር ይበራል። ለባሌ ሰው የምንጠይቀው ብጣሽ ወረቀት ነው፦ ከስቴንቱ በፊት ስንት ነበር፣ በኋላስ? በስንት ሰዓት ተለካ? በየትኛው መሣሪያ? (መሣሪያ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል።) ለአንድ ፎቶ ኮፒ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ንፍገት?