በገዛ ኪሳችን የአንድ ቀን ሽርሽር

በመኝታ ቤቶቻችንና በሻይ ክበቡ በረንዳ ላይ ሰሞኑን የሚደጋገም አንድ ምሬት አለ። «አዲስ አበባ ብንመደብ ኖሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አገር እናይ ነበር፤ እዚህ ግን ከመማሪያ ክፍል ወደ መኝታ፣ ከመኝታ ወደ መማሪያ ክፍል ነው» የሚል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተሰባሰብነው ሠልጣኞችና መምህራን ምሬቱን አንንቀውም። ነገር ግን ዓይኑን የጣለው በተሳሳተ አቅጣጫ ላይ ነው እንላለን። ለምን እንዲህ እንደምንል አንባቢ ታግሦ ይከታተለን።

በመጀመሪያ ስለሚያስቀናው ነገር እንነጋገር። በአዲስ አበባ ገንዘብ ያለው ሰው፣ በተለይም የውጭ አገር እንግዳ፣ ከአስጎብኚ ድርጅት መኪና ከነሾፌሩና ከነአስጎብኚው ለብቻው ይከራያል። ጧት በ12 ሰዓት ከበሩ ላይ ያነሡታል። ሱሉልታን አልፎ፣ የሰላሌን ሜዳ አቋርጦ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደብረ ሊባኖስ ይደርሳል። እዚያ ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደሉ ይከፈታል። ጭላዳ ዝንጀሮ በገደሉ አፋፍ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ያያል፤ ሰዉ «የፖርቹጋሎች ድልድይ» የሚለውን፣ ግን ራስ ዳርጌ ያሠሩትን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። ሌላው ደግሞ በአምቦና በወሊሶ መካከል ወዳለው ወንጪ ይሄዳል፤ እሳተ ገሞራ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ከላይ ያያል፤ በጀልባ ወደ ደሴቱ ይሻገራል። ማታ ቤቱ ገብቶ እግሩን ይታጠባል።

ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፤ እግዜር ያሳየው! በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ ሁሉ የሚያስቀናው መኪናውም ምሳውም ሳይሆን ከጎን የተቀመጠው ሰው ነው። «ይህ ዛፍ እንዲህ ይባላል፤ ይህ ወንዝ ወደዚያ ይሄዳል፤ ይህን ድልድይ እገሌ አሠራው» የሚል ሰው አብሮ መኖሩ ነው። እርሱ ባይኖር ገደሉ ገደል ብቻ ነው።

አሁን ወደ አሶሳ እንመለስ። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በነቀምትና በጊምቢ በኩል በመኪና የሚመጣ ሰው ያንኑ ዕለት አይቶ ሊመለስ ይቅርና ያንኑ ዕለት ለመድረሱም እርግጠኛ አይደለም። አውሮፕላን አለ፤ ይሁንና ጧት በአውሮፕላን መጥቶ የሽመል ጫካ አይቶ ማታ የተመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው። የአሶሳን ዙሪያ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሊያየው የሚችል የአሶሳ ሰው ብቻ ነው። ከአሶሳ ሰው ደግሞ ያየውን ለሃምሳና ለስልሳ ሕፃን እንዲያስረዳ ደመወዝ የሚከፈለው መምህር ነው። እኛ ካላየነው ማን ሊያይልን ነው?

«ምን የሚታይ ነገር አለና?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። አለ እንጂ! በዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ባምባሲ ነው። በባምባሲ ወረዳ የአንበሳ ጫካ አለ። በዚያም፣ በአሶሳ ዙሪያም፣ ሽመል አለ። በኢትዮጵያ ያለው ቀርቀሃ ከአፍሪካ በስፋቱ ቀዳሚ ከሚባሉት ነው፤ ከዚህም አብዛኛው የቆላው ዓይነት ሲሆን በብዛት የሚገኘውም በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ታዲያ ስለ ቀርቀሃ ምን ብለን እናስተምራለን? «ግንዱ ውስጡ ክፍት ነው» እንላለን። ይህ ለደጋው ቀርቀሃ እውነት ነው። የእኛው የቆላ ሽመል ግን ውስጡ ድፍን ወይም ድፍን ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። አንዱን ቆርጦ በእጁ የመዘነ ሰው ይህን ለመማር ሩብ ደቂቃ አይፈጅበትም። የአሶሳ ሕፃን በቤቱ አጥር ላይ ድፍኑን እያየ፣ በክፍል ውስጥ «ክፍት ነው» ብሎ ካልጻፈ ማርክ ይቀነስበታል። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሕፃን ዓይኑን ትቶ ደብተሩን እንዲያምን የሚማረው እንዲህ ባለች ትንሽ ነገር ነው።

የሽመል ነገር በዚህ አያበቃም። ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ይቆይና አንድ ጊዜ በጅምላ ያብባል፤ ዘሩን ያራግፋል፤ ከዚያም በጅምላ ይደርቃል። ኮረብታው ሁሉ ገርጥቶ ሲታይ ያላወቀ ሰው በሽታ ወይም እርግማን ነው ይላል። ያወቀ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል፤ የወደቀው ዘር በቅሎ እንደ ሆነ ይፈልጋል። በበጋ የሚለቀቀው የሣር እሳት ያን ቡቃያ ከደረሰበት ጫካው ተመልሶ አይነሣም። ስለ ደን ጥበቃ የምናስተምረውን ትምህርት ሁሉ በዚህች አንድ ኮረብታ ላይ ማስረዳት ይቻላል። በክረምት ከመሬት ብቅ የሚለው ለጋ ቡቃያ ደግሞ የሚበላ ነው፤ በርታውም ጉሙዙም ያውቀዋል። ከመካከላችን ስንቱ ቀምሶታል?

ከጥቂት ወራት በፊት ጥቂቶቻችን በአንድ ቅዳሜ ወጥተን ነበር። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ሠልጣኝ በክፍል ውስጥ ድምፁ አይሰማም፤ አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ለመናገር ይሸማቀቃል። ጫካው ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ሆነ። የዘንድሮውን ግንድ ከሦስት ዓመቱ እንዴት በመልኩ እንደሚለዩት፣ ያልበሰለውን የቆረጠ ሰው ቤቱን ነቀዝ እንደሚበላበት፣ ለአጥር የሚሆነው የትኛው፣ ለቅርጫት የሚሆነው የትኛው እንደ ሆነ እየነካ አሳየን። አንድ መምህራችን ማስታወሻ ደብተር አውጥተው ይጽፉ ነበር። ሠልጣኙ እየተናገረ መምህሩ ሲጽፉ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጫካው የበለጠ ደስ ይላል።

ከባምባሲ አልፎ ወደ መንዲ የሚወስደው መንገድ ዳቡስን ይሻገራል። ዳቡስ ወደ ሰሜን ፈስሶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ የሚቀላቀለውም ከሕዳሴው ግድብ በላይ ነው። ስለዚህ ከድልድዩ ላይ ቆመን የምናየው ውኃ ወደ ንጋት ሐይቅ የሚወርድ ውኃ ነው። የግድቡን ቁጥር ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን፤ መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል። ጥያቄው ሌላ ነው። ከእነዚህ ሚሊዮኖችና ቢሊዮኖች ውስጥ አንዲቱን ጠብታ ስትሄድ ያየ ሠልጣኝ አለ ወይ? «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይፈጸም እንሰጋለን። ወደ ግድቡ ራሱ መሄድ ከአሶሳ ረጅም መንገድ ነው፤ ጥበቃ ያለበት ቦታ ስለሆነ ፈቃድም ይጠይቃል፤ የአንድ ቀን ሽርሽር አይሆንም። ዳቡስ ግን ይበቃል። ልጆቹን «ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ለመጠየቅ ዳቡስ ከበቂም በላይ ነው።

በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት ከጣና ጀምሮ እስከ ሱዳን ድንበር የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር እየዞረ ካርታ አነሣ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1936 ታተመ። ከእርሱ በፊት የወንዙ መንገድ በካርታ ላይ በብዙ ቦታ በነጠብጣብ መሥመር ብቻ ይመለከት ነበር። ፈረንጅን ለማሞገስ አይደለም ይህን ያነሣነው፤ መንገዱን ያሳዩት የአገሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ማን ያጣዋል? ነገር ግን በብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ ዳቡስና ዓባይ ዛሬም በነጠብጣብ እንደ ተሣሉ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሽርሽር ሲነሣ በተቋማችን የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፤ «መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም፣ አበል አልተያዘም።» እውነት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው «በግል እንውጣ» የምንለው። የአዲስ አበባው ሰው «በግል» ሲል ለብቻው ማለቱ ነው፤ እኛ «በግል» ስንል ደብዳቤና አበል ሳንጠብቅ በገዛ ኪሳችን ማለታችን ነው። አንድ ሚኒባስ ለአሥራ ሁለት ሰው ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ በሻይና በባጃጅ ከምናጠፋው ብዙ አይበልጥም። አበል የሚከፈልበት ጉብኝት ደግሞ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ ፊርማው ከጉብኝቱ ይረዝማል።

የኪስ ገንዘብ እንኳ የሌለው ሠልጣኝስ? እርሱም እግር አለው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1886 የቶኪዮ መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሠልጣኞቹን በእግር ለረጅም ጉዞ አሰማርቶ፣ በየመንገዱ የተፈጥሮና የመልክዐ ምድር ትምህርት እንዲቀስሙ አድርጓል። ዛሬ የጃፓን ተማሪዎች ሁሉ የሚወጡት የትምህርት ጉዞ መነሻው ይህ ነው ይባላል። ልብ በሉ፤ የጀመሩት ሚኒስትሮች ወይም ሀብታሞች አይደሉም፤ እንደ እኛ መምህር ለመሆን የሚሠለጥኑ ወጣቶች ናቸው። ለአንድ ቀኑ የተማሪዎች ሽርሽር ያላቸው ስም ራሱ «ሩቅ እግር» እንደ ማለት ነው። ከአሶሳ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የወጣ ሰው ማሽላውን፣ ማንጎውን፣ ሽመሉንና ጅረቱን ያገኛል። በርታው ቤት ደጃፍ ላይ ሰላም ብሎ ውኃ ለጠየቀ ሰው ደግሞ ውኃ ብቻ ሰጥቶ የሚያሰናብት ጥቂት ነው።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳናነሣው ማለፍ አንፈልግም። በክልላችን፣ በተለይ በመተከልና በካማሺ በኩል፣ ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከመካከላችን ዘመድ ያጣ አለ። ይህ በመኝታ ቤት አልጋ አመራረጣችን ላይ እንኳ ይታያል፤ የአንድ አገር ልጅ ከአገሩ ልጅ ጋር ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥም እንዲሁ። ማንንም አንወቅስም፤ የፈራ ሰው ወደሚያውቀው ይጠጋል። ነገር ግን ነገ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦ፣ የኮሞ፣ የአማራና የኦሮሞ ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። እኛ አሥራ ሁለት ሆነን በአንድ ሚኒባስ ወጥተን፣ ስንቃችንን በአንድ ሣር ላይ ዘርግተን ካልበላን፣ እነርሱን «ተካፍላችሁ ብሉ» የምንልበት አፍ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ምዝገባው በአገር ልጅነት እንዳይሆን አጥብቀን እንጠይቃለን። አንዱ መኪና የአንድ ወረዳ ልጆች ብቻ ሆኖ የሚሞላ ከሆነ ባይወጣ ይሻላል።

ይህ ሲባል የመንገዱን ሰላም ሳያጣሩ መውጣት የለም። ከመውጣታችን በፊት ያን ሰሞን ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሾፌሮችንና የአካባቢውን አስተዳደር እንጠይቃለን፤ «ዛሬ ይቅር» ከተባለ ይቀራል። ቦታ ስንመርጥም ማስተዋል ያስፈልጋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ተሰዶ ገብቷል። «ኩርሙክ ሄደን ስደተኛ እንይ» የሚል ሐሳብ ከአንዳንዶች ሰምተናል። ኧረ ተዉ! የተሰደደ ሰው ጭላዳ ዝንጀሮ አይደለም። ወርቅ የሚያጥቡትን እናቶችም ቢሆን ሳያስፈቅዱ ስልክ ደግኖ ፎቶ ማንሣት ነውር ነው። ሰላምታ ይቅደም፤ ፈቃድ ይከተል፤ ፎቶው ቢቀርም አይጎዳም።

«ሠልጣኝ ከግቢ ከወጣ መጠጥ ቤት ነው የሚገባው» የሚሉ መምህራንም አሉን። ሥጋታቸው ከመሬት የተነሣ ነው አንልም። መልሳችን አጭር ነው፤ አብራችሁን ውጡ። የባዮሎጂና የመልክዐ ምድር መምህር ያለበት መኪና ወደ መጠጥ ቤት አይታጠፍም።

ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ስለዚህ ቅዳሜን መርጠናል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሣሩ ሳይቃጠል፣ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ባምባሲና ወደ ዳቡስ ይሆናል። መመዝገቢያው ወረቀት ከዚህ ጋዜጣ ሥር ተለጥፏል፤ ስምና የትውልድ ወረዳ ይጻፍበት፤ ወረዳው የተጠየቀው መኪናው ተቀላቅሎ እንዲሞላ ነው። ስንቅ በየራስ ነው፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ፣ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ የሚያመጣ ካለ ደግሞ ፊት ወንበር እንሰጠዋለን። እርሳስ፣ ማስታወሻ ደብተርና ቢላዋ አይረሳ። ሽመሉን ቆርጠን የምናይበት አንድ ቢላዋ ለሁላችን ይበቃል፤ የሚቆረጠውም አንድ ግንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሦስት ዓመቱ።