የሜትሩ ፍርድ

የእህቴ ልጅ ሠርጓ ሦስት ወር ሲቀረው ሜትር ገዛች። የልብስ ሰፊ ሜትር። ጠዋት ጠዋት ወገቧን ትለካለች፤ ቁጥሩ ከወረደ እንደ ሰው ሰላም ትለናለች፣ ካልወረደ ግን ወዮልን! ዘይት የነካውን ወጥ አትቀምስም። ምነው ስላት «ጋሼ፣ ስብ የበላ ስብ ይሆናላ!» አለችኝ።

ለጆሮ ይጥማል። ለጆሮ የጣመ ሁሉ ግን እውነት አይደለም፤ ስንት ዓመት ግጥም ሳስተምር የኖርኩ ሰው ይህን ስል እመኑኝ።

አሜሪካኖች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በጀመሩት ጥናት፣ የወር አበባቸው የቆመ 48,835 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው አንደኛውን ወገን ስብ ቀንሱ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሩ አሏቸው። ውጤቱ በ2006 ታተመ። ስብ የቀነሱት በመጀመሪያው ዓመት 2.2 ኪሎ ከሱ። ከሰባት ዓመት ተኩል በኋላስ? ከሌሎቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት 0.4 ኪሎ! ግማሽ ኪሎ ሥጋ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ነው፣ ክሱ አልተባሉም ነበር፤ ስብ ብቻውን ተአምር አለመሥራቱ ግን ታየ።

«እንግዲያው ካሎሪ ቁረጪ» ይሏታል። ካሎሪ ሲቆረጥ ወገብ ይቀንሳል፣ አልክድም። ግን የሚሄደው ስብ ብቻ መሰላችሁ? ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ሰውነት ደግሞ ድርቅ የገባ መስሎት ወጪውን ይቆጥባል። የድሮው ገበታ ሲመለስ ወገቡም ይመለሳል፤ ልጅቷም «እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ» ብላ ራሷን ትረግማለች። የሚያናድደኝ ይሄ ነው!

እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በሚኒሶታ፣ አንሴል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንዶችን በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ እየመገበ 24 ሳምንት አቆያቸው። ወንዶቹ ከሱ፣ ተነጫነጩ፣ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ሲሰበስቡ የዋሉም ነበሩ። ኪይስ ለዚህ የሰጠው ስም ምን ነበር? ከፊል ረሃብ። የእህቴ ልጅ ከጂም ይዛ የመጣችው ፎቶ ኮፒ ወረቀት ስንት ይላል? 1,200! በወንድ ሲሆን ረሃብ፣ በሴት ሲሆን ቁንጅና። ወይ ጉድ!

ሜትር ከነጭራሹ ይጣል አላልኩም። የሴት ወገብ ከ88 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለልብና ለስኳር በሽታ የመጋለጥ ስጋት በጣም እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ያ የሐኪም ጉዳይ ነው። የእሷ ወገብ 71 ነው።

«ሜትሩን ለሰፊው ስጪው፣ ቀሚሱን ይለካበት» አልኳት።

«እሱ ነው እኮ ጋሼ፣ ሁለት ሴንቲ ቀንሺ ያለኝ!»