ከሳነቴ ቁልቁል ወደ ሐረና

አንባቢ ሆይ፤ «ባሌን አይቼ መጣሁ» የሚል ወዳጅ ቢያጋጥምዎ፥ «ሐረናስ ወርደህ ነበር?» ብለው ይጠይቁልኝ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ አይቶ፥ በብርድ ተንቀጥቅጦ፥ ወደ ጎባ መመለሱ ነው። ቀይ ቀበሮን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከደጅ ቆሞ ቤቱን አየሁ እንደ ማለት ይሆናል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። ጅብራ ብቻ ቆሞ ከሚታይበት ከዚያ ሜዳ ጫፍ ሲደርሱ ምድሩ በድንገት ይወርዳል፤ ከእግርዎ ሥር የተዘረጋው ደን ሐረና ነው። መጀመሪያ አስታው፥ ቀጥሎ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበት የተንዠረገገበት ኮሶና አምጃ፥ ከዚያ ቀርከሃው፥ ከሁሉም በታች ወፍ ዘራሹ ቡና ይመጣል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህም ደን አብሮ ተመዝግቧል።

ጉሬዛ ለማየት ብዙ ድካም የለም፤ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ካባው ያሳብቅበታል። የምኒልክ ድኩላና ትልቁ የደን አሳማ ማለዳና ማታ ይገኛሉ። አንበሳም አለ፤ እርሱ ግን ከሚታይ ይልቅ ሌሊት ድምፁ የሚሰማ ነው፤ ስለዚህ ከመሸ በኋላ በእግር መንሸራሸር የጀግና ሥራ አይደለም።

እኔ ግን ስለ ባሌ ጦጣ ጥቂት ልናገር። ነጭ ጢም ያለው፥ ዓይን አፋር፥ ከደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ በ1902 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ስሙን የሰጠው በጃምጃም አገር ነው፤ «የባሌ» መባሉ ኋላ የመጣ ነው። የሚያስደንቀው አመጋገቡ ነው። በኦዶቡሉ ደን የተከታተሉት ሊቃውንት ከሚበላው ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀርከሃ፥ ያውም በተለይ ለጋ ቅጠሉ፥ ሆኖ አግኝተውታል። ቀርከሃ ከሌለ ታዲያ ምን ይሆናል? ወደ ሲዳማ በኩል ደኑ ተቆራርጦ በቀረባቸው ቦታዎች ይኸው ጦጣ ማሳ ወርዶ ሰብል ይበላል፤ ከጎረቤት የጦጣ ዘር ጋርም ተዳቅሎ ተገኝቷል። ዘሩ የሚጠፋው በጥይት ብቻ አይደለም ማለት ነው። በገበሬው ግን ፈጥነው አይፍረዱ፤ አጥሩም ቤቱም ከዚሁ ከቀርከሃ ነው።

ይህን ጦጣ ለማየት ከፈለጉ መንገድ መሪ ይዘው ወደ ቀርከሃው ይግቡ፤ ከዚያም ይቀመጡ። ወሬ ያቁሙ። ቀርከሃው ያለ ነፋስ ሲወዛወዝ ያን ጊዜ ቀና ይበሉ። ሙዝና ዳቦ አይወርውሩለት፤ ሰው እጅ ማየት የለመደ ጦጣ ነገ ከገበሬው ጋር የሚጣላ ጦጣ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ሲያዩም ባለቤት አለውና ከሥሩ አይቁሙ፤ ንቡም ቢሆን እንግዳ አይወድም።

የመግቢያውን ክፍያ አስቀድመው በዲንሾ ይጨርሱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ለመንገዱ ይሻላል። ሾፌሩን ቀስ እንዲል ይለምኑት፤ መንገዱን የሚሻገረው ሰው ብቻ አይደለም። ቆላ እወርዳለሁ ብለው ካፖርትዎን ጎባ እንዳይተዉ፤ ሲመለሱ ሳነቴ እዚያው ይጠብቅዎታል።