«ከበዓላት በኋላ ይምጡ» ሲሉን ምን እንጠይቅ?



እኔ የማኅበረሰብ ነርስ ነኝ። ከእናንተ ጋር ስንገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የተበላሸ ካሜራ ላጫውታችሁ ነው። ካሜራው የአባቴ ነው። ታሪኩን ስትሰሙ ግን በብዙዎቻችሁ ቤት የደረሰ ነገር መሆኑን ታውቁታላችሁ። በካሜራው ቦታ ማቀዝቀዣ ወይም የልብስ ማጠቢያ ብታስገቡም ነገሩ ያው ነው።

አባቴ ከሚሠሩበት ፋብሪካ ጡረታ ሲወጡ ካገኙት ፒጹዪም ላይ ቀንሰው በ2,300 ሼቅል ካሜራ ገዙ። እናቴ «በዚህ ዕድሜ ደግሞ ካሜራ ምን ያደርጋል?» ብላ ሳቀችባቸው። እሳቸው ግን ምክንያት ነበራቸው። በሱዳን በኩል በእግራቸው ሲመጡ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው አልነበረም። የትውልድ መንደራቸው ሥዕል የላቸውም። የእናታቸው መልክ ያለው በእሳቸው ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከገዙበት ቀን ጀምሮ የሰፈሩን ሽማግሎችና አሮጊቶች እየዞሩ ያነሣሉ፤ ፎቶውን አሳትመው በየቤታቸው ይወስዱላቸዋል። አንድ ሳንቲም አይቀበሉም።

ካሜራው በተገዛ በዘጠነኛው ወር ፎቶዎቹ ላይ ሐምራዊ መስመሮች መታየት ጀመሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲስ የሚነሣው ፎቶ ሁሉ ጥቁር ሆነ። ቀድሞ የተነሡት ግን በካሜራው መስታወት ላይ ጥርት ብለው ይታያሉ። ይህ ጥሩ ምልክት ስለሆነ አስታውሱት፦ የድሮው ፎቶ በደንብ እየታየ አዲሱ ከተበላሸ፣ ችግሩ ያለው መስታወቱ ላይ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ምስሉን በሚቀበለው ክፍል ነው። ያ ክፍል «ሴንሰር» ይባላል። በድሮው ካሜራ ፊልሙ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያለ ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። በእኔ ሙያ ልንገራችሁ ካላችሁኝ፣ የካሜራው ሌንስ ሞራ የሚወጣበት የዓይናችን ክፍል ነው። ሴንሰሩ ደግሞ በዓይናችን ጀርባ ሆኖ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ነው። ያ ከታመመ የፊተኛውን ብታጸዱት አይጠቅምም።

አባቴ ካሜራውን ይዘው ወደ ገዙበት ሱቅ ሄዱ። ጊዜው ሮሽ ሃሻና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ሻጩ ካሜራውን ተቀብሎ ወደ ጥገና ቤት እንደሚልከው ነገራቸውና «ሁለት ሳምንት» አላቸው። ወረቀት አልሰጣቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። የስልክ ቁጥራቸውን ብቻ መዘገበ። በሁለተኛው ሳምንት በአውቶቡስ ሄዱ። «አሐሬይ ሃሐጊም፣ ከበዓላት በኋላ ይምጡ» ተባሉ። ከሱኮት በኋላ ሄዱ። «ዕቃው ከውጭ አገር ይመጣል፣ ይታገሡ» ተባሉ። ቶዳ ብለው ተመለሱ። እኔንም «ምን ይመስልሻል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ተረኛ ነበርኩ፣ ደክሞኝም ነበር፤ «አባባ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ይመጣል» አልኳቸው። ይህን ቃሌን ዛሬ እቆጭበታለሁ።

በዚህ መሐል ሲግድ ደረሰ። በዚያ ዓመት ታላቅ እኅታቸው፣ አክስቴ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ኢየሩሳሌም ወጣች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቄሶቹ ጥላ ይዘው ሲወርዱ እያየች እጇን ዘርግታ ስትጸልይ አባቴ አጠገቧ ቆመው ነበር። እጃቸው ባዶ ነበር። የእኔን ስልክ አውጥቼ ላነሣት ስል ሰዉ ተጋፍቶ ጋረደን። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ከቤት መውጣት አልቻለችም።

ሐኑካ ሲገባ አባቴ እንደገና ሱቁ ሄዱ። በዚህ ጊዜ የተነገራቸው ሌላ ነበር፦ «የካሜራው አሃራዩት አልቋል፤ ከተገዛ ዓመት አልፎታል። ሴንሰሩን ለመቀየር ይከፍላሉ፤ ከሚከፍሉ አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል።» አባቴ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ያኔ ነው ስልካቸውን ከእጃቸው ተቀብዬ ያየሁት።

በስልኩ ውስጥ በዕብራይስጥ የተጻፉ ሦስት መልእክቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ካሜራው ለጥገና መግባቱን ይገልጻል፤ ቀኑና የጥገናው ቁጥር ተጽፎበታል። ሁለተኛው በሱኮት ሰሞን የመጣ ነው፦ «ጥገናውን ለመቀጠል ደውለው ያረጋግጡ» ይላል። ሦስተኛው ያንኑ ይደግማል። አባቴ ዕብራይስጥ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ እኛ ጥገና ቤቱን ስንጠብቅ፣ ጥገና ቤቱ እኛን ይጠብቅ ነበር። ሴንሰሩ ገና አልታዘዘም ነበር። አባቴ ሱቁ ሲመላለሱ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ላይ አይቶ «እርስዎን እኮ እየጠበቁ ነው» ያላቸው ሰው አልነበረም።

ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው። እኛ ትዕግሥት ከወላጆቻችን የወረስነው ሀብታችን ነው። ወደዚህ አገር ያደረሰን እሱ ነው። ሆኖም ምን እንደምንጠብቅ ሳናውቅ መጠበቅ ትዕግሥት አይባልም። አባቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ፤ እነዚሁ አባቶች ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። በሱቅ ባንኮኒ ፊት የሚሠራው ሁለተኛው ነው።

ለፍትሕ ያህል የሱቁንም በኩል ልናገር። ሴንሰር መቀየር እንደ ባትሪ መቀየር አይደለም። ዕቃው ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ይመጣል። ካሜራው አቧራ በሌለበት ቦታ ይከፈታል፣ አዲሱ ሴንሰር ከሌንሱ ፊት ለፊት ምንም ሳያዘነብል መቀመጥ አለበት፣ አለበለዚያ ፎቶው ይደበዝዛል። ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ መቆየቱ ብቻውን በደል አይደለም። ሻጩም ጠላታችን አይደለም። በደሉ ያለው ደንበኛው ነገሩ የት እንደደረሰ ሳያውቅ እንዲመላለስ ማድረጉ ላይ ነው። የሰውን ቋንቋ ሳያውቁ መልእክት ልኮ «አሳውቀናል» ማለትም ማሳወቅ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ለአንድ ዕቃ ብሎ ሽማግሌ ሰው ከሻጭ ጋር ይጨቃጨቃል ወይ? ነውር ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም ጭቅጭቅ አልመክርም። መጠየቅ ግን ጭቅጭቅ አይደለም፤ ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ከ1981 ጀምሮ አለ። በ2006 የወጣው ደንብ ደግሞ ዋጋው ከ400 ሼቅል በላይ ለሆነ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቢያንስ የአንድ ዓመት አሃራዩት እንዲሰጥ ያዛል፤ የአሃራዩቱም ወረቀት በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ዕቃው በዚያ ዓመት ውስጥ እኛ ሳናጠፋ ከተበላሸ ጥገናው በነፃ ነው። የሚቆጠረውም ዕቃውን ለጥገና ያስረከብንበት ቀን ነው እንጂ እነሱ ከመደርደሪያ የሚያወርዱበት ቀን አይደለም። ለዚህ ነው የርክክብ ወረቀት እንደ ገንዘብ የሚቆጠረው።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ለጥገና ስትሰጡ ከባንኮኒው ሳትነሡ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይኑር፦ ያስረከባችሁበት ቀን፣ በዕቃው ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር፣ ብልሽቱ ምን እንደሆነ፣ የተቀበላችሁ ሰው ስም፣ መቼ እንደሚመለስ። ካሜራ ከሆነ ባትሪውንና ፎቶዎቹ ያሉበትን ትንሽ ካርድ አውጥታችሁ አስቀሩ፤ ሴንሰሩ ቢበላሽም በካርዱ ላይ ያሉት የድሮ ፎቶዎች ደኅና ናቸው። ከዚያም እንዲህ በሉ፦ «ዕብራይስጥ አላነብም። መልእክት ከመላክ ይልቅ ደውሉልኝ፤ ይህ ደግሞ የልጄ ቁጥር ነው።» ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልግም። አለማንበብ ነውር አይደለም፤ ሳይነግሩ መቅረት ግን ዋጋ ያስከፍላል።

አሃራዩቱ ካለቀ በኋላ የተበላሸ ዕቃስ? እሱንም ሳትጠይቁ አትጣሉ። በጥቅምት 2005 ሶኒ የሠራቸው አንዳንድ የካሜራ ሴንሰሮች በሙቀትና በእርጥበት እንደሚበላሹ ታወቀ። ሴንሰሩ ሶኒ ራሱ በሚሸጣቸው ብቻ ሳይሆን በካኖን፣ በኒኮን፣ በፉጂፊልም፣ በኦሊምፐስና በሌሎችም ካሜራዎች ውስጥ ነበር። ድርጅቶቹ ጥፋቱ ከአሠራሩ መሆኑን አምነው፣ የአሃራዩት ጊዜያቸው ያለፈባቸውንም ካሜራዎች በነፃ ጠገኑ። የጠየቀ አገኘ፤ ቀድሞ ቆሻሻ ውስጥ የጣለ ግን ምን ይዞ ይሄዳል? ስለዚህ «ይህ ብልሽት ከፋብሪካው የመጣና የታወቀ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሱቁ አልሰማ ካለስ? በመጀመሪያ በጽሑፍ ደብዳቤ ይላካል። ካልሆነ «ሃራሹት ለሃጋናት ሃጻርኻን» ለሚባለው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን አቤቱታ ይቀርባል። በመጨረሻም «ቤት ሚሽፓት ለትቪዖት ክታኖት» አለ፤ ሰው ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ የሚናገርበት ፍርድ ቤት ነው። እኛ እዚያ አልደረስንም። የመጀመሪያውን መልእክት ፎቶ አንሥቼ፣ ካሜራው የገባው ዓመቱ ሳይሞላ መሆኑን ጠቅሼ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ተከራከሩን፤ ከዚያ ሴንሰሩ ያለ ክፍያ ተቀየረ። ካሜራው በሽቫት ወር ተመለሰ። አባቴ መጀመሪያ ያነሡት አክስቴን ነው፤ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጩን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። መልካም ፎቶ ነው። የሲግዱ ግን አይደለም።

በሥራ ቦታዬም ይህንኑ አያለሁ። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ለመያዝ ስድስት ወር የጠበቁ እናት፣ «ቀጠሮዎን ያረጋግጡ» የሚለው መልእክት በዕብራይስጥ ስለመጣ ሳያዩት ቀርተው ተራቸው ለሌላ ይሰጣል። ቶፈስ 17 እስኪመጣ ቤታቸው ቁጭ ብለው የሚጠብቁ አባት፣ ወረቀቱ አንድ ፊርማ ጎድሎት ቢሮ ተቀምጦ ይገኛል። ስጠይቃቸው ሁሉም የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ «ልጆቼን ላላስቸግር ብዬ ነው።» እኔም ልጅ ነኝና ልመልስላችሁ፦ መልእክት ማንበብ ሁለት ደቂቃ ነው። ያለፈውን ቀን መመለስ ግን በእኔም በልጆቻችሁም አቅም አይደለም። ልጆቻችሁ ተቻኩለው እንደ እኔ «ይታገሡ» ካሏችሁ ደግሞ እሺ አትበሏቸው፤ «መጀመሪያ አንብቢልኝ፣ ከዚያ እታገሣለሁ» በሏቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ ሲመጡ ስልካችሁን ስጧቸውና ያልተነበበውን መልእክት ሁሉ ያንብቡላችሁ። ምናልባት ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል። ምናልባትም እናንተ ስትጠብቁት የከረማችሁት ሰው እናንተን ሲጠብቅ ከርሞ ይሆናል።