ታጣፊ ማለት በልክ ማለት አይደለም

እዚህ ጥርባ የክላሽ ወሬ ከተነሳ ሁሉም «ታጣፊው ይሻላል» ነው። ለምን? «ያምራላ!»

ወዳጆቼ፣ ታጣፊ ሰደፍ የተሠራው ለመሸከም እንዲመች ነው። ኤኬኤምኤስ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲመጣ መኪና ውስጥ ለሚገባና በፓራሹት ለሚወርድ ወታደር ታስቦ ነው። ሲታጠፍ ያጥራል፤ ሲዘረጋ ግን ለረጅሙም ለአጭሩም ሰው ርዝመቱ ያው አንድ ነው። የኤም ፎር ካርባይን ሰደፍ ግን እየተሳበ ይረዝማል፣ ያጥራል። ክንዱ አጭር የሆነውም፣ ጥይት መከላከያ የለበሰውም በልኩ ያደርገዋል።

እኛ የፈረሰኛ አገር ልጆች ይሄ እንዴት ይጠፋናል? እርካቡን በእግሩ ልክ ሳያስተካክል የሚጋልብ አለ እንዴ?

ትከሻ ላይ በደንብ ያልተቀመጠ ሰደፍ ጥይቱን ካሰቡት ቦታ ውጭ ይልካል። እዚያ የቆመው ደግሞ የሰው ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ሰው ሲመርጥ መጀመሪያ ክንዱን ይለካ፤ ማማሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።