የቀኑ ለሌሊት፣ የሌሊቱ ለቀን!… ደባል ያኳረፈ ቆጣሪ

በዚህ አምድ የቅናቱንም፣ የብድሩንም፣ የአማቱንም ጣጣ አብረን አይተናል። የዛሬው ለየት ይላል። ሁለት አብሮ አደጎችን ያኳረፈው ወንድ አይደለም፤ ገንዘብ ተበድሮ መካካድም አይደለም። የመብራት ቆጣሪ ነው! አትሳቁ፣ ነገሩ የምር ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከለንደን ነው። ስሟ እንዳይጻፍ የጠየቀችን እህታችን እንዲህ ትላለች፤ ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል።

«እኔና ጓደኛዬ አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እዚህ በደባልነት ቤት ተከራይተን መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። እሷ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው። ቀን ቀን ቤት ተኝታ ትውላለች። እኔ ቀን ሠርቼ ማታ እገባለሁ። ቤታችን ጋዝ የለውም፤ ማሞቂያውም ምድጃውም በመብራት ነው። ቆጣሪያችን የቀንና የሌሊት የሚባለው ነው፤ የሌሊቱ ርካሽ ነው። ስለዚህ እኔ ልብስ የማጥበውም ወጥ የምሠራውም ሁሌ ማታ ነው። በዚህ ብርድ የመጣው ቢል ግን ራሴን አዞረኝ! የቀኑ ፍጆታ የሌሊቱን ሦስት እጥፍ ነው ይላል። ቀን ቤት ያለችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ‹ማሞቂያ ሰክተሽ ነው የምትተኚው› ብላት ‹እግዜር ያውቃል፣ አልነካሁም› ብላ አለቀሰች። አላመንኳትም። ከተኮራረፍን ወር አልፎናል። ቤቱን ጥያት ልወጣ ነው። ትክክል ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልስጥሽ። ቤቱን አትልቀቂ፤ ቆጣሪውን አንብቢ! «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? የዚህ ነገር ሥሩ ያለው ጓደኛሽ መኝታ ቤት ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ በደንብ ላስረዳሽ። እዚህ አገር ያላችሁ አንባብያንም ታገሡኝ፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

እንግሊዝ አገር ይኼ የቀንና የሌሊት ታሪፍ «ኢኮኖሚ ሰቨን» ይባላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። «ሰቨን» የተባለው ሌሊት ላይ ለ7 ሰዓት ያህል መብራቱ ስለሚረክስ ነው። በሌሊት ሕዝቡ ይተኛል፣ የኃይል ማመንጫው ግን አይተኛም። ስለዚህ «በሌሊት ተጠቀሙ፣ በርካሽ እንሸጥላችኋለን» ተባለ። ቆጣሪው ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለሌሊት። ከዚሁ ጋር የሚሠራው ስቶሬጅ ሂተር የሚባለው ግድግዳ ላይ ያለ ማሞቂያ ነው። ውስጡ ከባድ ጡብ ነው። በሌሊት በርካሹ መብራት ይግላል፣ ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ምጣዳችን ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ እንደሚቆየው ማለት ነው።

አሁን ልብ በይ። እናንተ ቤት ያለው ማሞቂያ እንዲህ ዓይነቱ ከሆነ፣ በብርድ ወራት ትልቁን መብራት የሚበላው በሌሊት ነው። ስለዚህ ቢሉ ላይ መብዛት ያለበት የሌሊቱ ፍጆታ ነው። የእናንተ ቢል ግን የተገላቢጦሽ ነው! የሌሊቱ እንዲህ ካነሰ ጡቡ ሳይግል ከርሟል ማለት ነው፤ ቤቱ በረዶ መሆን ነበረበት። ቤታችሁ ሞቆ ከከረመ ግን ቢሉ የሌሊቱን ቁጥር በቀን ዋጋ፣ የቀኑን በሌሊት ዋጋ አስልቶት ሊሆን ይችላል። ይኼ ደግሞ ያልተሰማ ነገር አይደለም። ቆጣሪ ሲቀየር ወይም ደንበኛው ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲዞር፣ አንደኛው ቁጥር በሁለተኛው ቦታ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ በየወሩ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ማን ያየዋል?

ስንት ሊያጎድል ይችላል? ለስሌት እንዲመቸን በወር ሌሊት 600፣ ቀን 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቀማችሁ እንበል። ዋጋው ቀን 30 ፔንስ፣ ሌሊት 15 ፔንስ ይሁን። በትክክል ሲሰላ የሌሊቱ 90 ፓውንድ፣ የቀኑ 60 ፓውንድ፣ በድምሩ 150 ፓውንድ ነው። ሲገላበጥ ግን 600ው በ30 ፔንስ 180 ፓውንድ፣ 200ው በ15 ፔንስ 30 ፓውንድ፣ በድምሩ 210 ፓውንድ ይሆናል። በአንድ ወር 60 ፓውንድ በከንቱ! የብርዱ ወራት ሲደማመሩ የስንት ቀን ድካም እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጓደኛሽንም በዚሁ ሂሳብ እንያት። 2 ኪሎ ዋት የሚወስድ ተሰኪ ማሞቂያ 600 ኪሎ ዋት ሰዓት እንዲቆጥር፣ ወሩን ሙሉ በየቀኑ 10 ሰዓት ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። ሌሊቱን ቆማ አድራ የምትመጣ ልጅ አንድም ቀን ሳትዘል ይኼን አደረገች? ደግሞስ አንድም ቀን ማሞቂያውን ሶኬት ላይ አይተሽዋል? ደብዳቤሽ ላይ አላነበብኩም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ እንዳትቀየሚኝ። «ሁሌ ማታ ነው የምሠራው» ብለሻል። ማታ ስንት ሰዓት? የለንደን ፀሐይ በታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ቆጣሪው ግን ጨለማ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሰዓት ነው። ርካሹ ሰዓት እንደየአካባቢው ይለያያል። ለምሳሌ አንዳንዱ ቦታ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ብዙ ቆጣሪዎች ደግሞ የበጋውን የሰዓት ለውጥ አይከተሉም፤ ያን ጊዜ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የምትጥጂው ወጥና የምታሽከረክሪው ልብስ የሚቆጠረው በውዱ፣ በቀኑ ዋጋ ነው! በቀን ፍጆታው ውስጥ ያንቺም እጅ አለበት ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። እንዲህ አድርጊ፦

አንደኛ፣ ቆጣሪው ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ለዪ። አንዳንዱ ላይ «ዴይ» እና «ናይት»፣ አንዳንዱ ላይ «ኖርማል» እና «ሎው»፣ አንዳንዱ ላይ 1 እና 2 ብቻ ነው የተጻፈው። 1 ሁልጊዜ ቀን ነው ብለሽ አትገምቺ፤ ስሕተቱ የሚገባው በዚሁ በር ነው።

ሁለተኛ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በበጋ ከሆነ 3 ሰዓት ላይ አድርጊው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ድገሚው። ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ ያላለው ቁጥር የሌሊቱ ነው። የተንቀሳቀሰው የቀኑ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስታዪ ደግሞ ሌሊት ላይ የሮጠውን ታገኚዋለሽ። ሁለት ሦስት ቀን ብትደጋግሚው ጥርጣሬ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ቢሉን ከፎቶው አጠገብ አስቀምጪ። ቢሉ «የቀን» የሚለው ቁጥር ከየትኛው ጋር ይገጥማል? ከሌሊቱ ጋር ከገጠመ፣ በቃ፣ ነገሩ ታወቀ!

አራተኛ፣ ቢሉ በስምሽ ስለሆነ ኩባንያው ጋ ደውይ፣ በጽሑፍም አመልክቺ። ፎቶዎቹን ላኪ። «የቀንና የሌሊቱ ቁጥር ተገላብጦ ተመዝግቧል፤ ከተገላበጠበት ቀን ጀምሮ ሂሳቡ እንደገና ይሠራልኝ» በይ። «የሚቀጥለውን ወር እናስተካክላለን» ብለው እንዳይሸነግሉሽ፤ ያለፈውም መታረም አለበት። እምቢ ካሉና የመጨረሻ መልሳቸውን በደብዳቤ ከሰጡሽ፣ ኢነርጂ ኦምቡድስማን የሚባለው አካል በነፃ ያይልሻል። ሲቲዝንስ አድቫይስም ምክር በነፃ ይሰጣል።

ሂሳቡ ሲታረም ተመላሹ የአንቺ ብቻ እንዳልሆነም አትርሺ። እሷም በስሕተቱ ከፍላለች፤ ድርሻዋን ስጪያት።

«ስሕተቱ ለኔ ጠቅሞኝስ ቢሆን?» የሚል አይጠፋም። ይሆናል፤ ቀን ቀን አብዝቶ የሚጠቀም ሰው በተገለበጠ ቢል በርካሽ ሊከፍል ይችላል። ደስ ይላል፣ ግን ዕዳው እየተጠራቀመ ነው። እዚያ አገር ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጥፋቱ የደንበኛው ካልሆነ በቀር፣ ኩባንያ ከ12 ወር በላይ ላለፈ ፍጆታ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስከፈል አይችልም። የ12 ወሩ ግን ሊመጣ ይችላል፤ ያውም በአንድ ጊዜ። ያወቁ ዕለት መናገር ይሻላል።

አሮጌ ቆጣሪ ያላቸው አንድ ነገር ይጨምሩ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ቤቶች ውስጥ ቆጣሪውን ከቀን ወደ ሌሊት የሚያዞረው በቢቢሲ የረጅም ሞገድ ሬዲዮ የሚላክ ምልክት ነበር። ይኼ ምልክት ከሰኔ 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአካባቢው መዘጋት ተጀመረ። ቆጣሪው ካልተቀየረ ማሞቂያው በማይሆን ሰዓት ሊበራ ወይም ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል። የእናንተ ቆጣሪ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ኩባንያውን ጠይቂ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። እዚህ የቤት መብራት ሂሳብ በቀንና በሌሊት አይለያይም፤ የሚለየው በብዛት ነው። ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ጸቡ ግን ያው ነው! አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አራት ተከራይ። ወር ሲሞላ ቢሉ ለአራት ይካፈላል። አምፖልና ስልክ ቻርጀር ብቻ ያለው ልጅ፣ በሳምንት ሁለቴ ምጣድ ከምታሰማው ጎረቤቱ እኩል ይከፍላል። እሱ ያጉረመርማል፣ እሷ «በምጣዴ መጡብኝ» ትላለች፣ አከራይዋ ትቆጣለች። የግቢው ፍጆታ አንድ ላይ ስለሚደመር ደግሞ ሁሉም ወደ ውዱ እርከን አብሮ ይገባል።

ለዚህም መድኃኒቱ ያው ማንበብ ነው። ቤት የገባችሁ ዕለት የቆጣሪውን ቁጥር ከአከራያችሁ ጋር ሆናችሁ ጻፉ። ቢል ሲመጣ የበፊቱንና የአሁኑን ንባብ ከቆጣሪው ጋር አስተያዩ። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መለኪያ በባለሙያ ቢገባ ከሁሉ ይበልጣል። እሱ ካልተቻለ ምጣድና ምድጃ ያለው ስንት እንደሚጨምር ወር ሳይሞላ በፊት ተስማሙ። ቢሉ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ስምምነት ጸብ እንጂ ስምምነት አይሆንም።

ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ። ቆጣሪውን ብቻሽን አታንብቢው። ጓደኛሽ ከፈረቃ ስትመለስ ጠብቂያትና «ነይ፣ አብረን እንየው» በያት። ወር የዘጋ ኩርፊያ እንደሱ ሲሆን ነው የሚከፈተው። ቁጥሩ ተገላብጦ ከተገኘ ይቅርታ ጠይቂያት፤ «ኮምፒዩተሩ ነው» ብለሽ አትሸፋፍኚው። ሌባ ያልሻት አንቺ ነሽ እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለም። ቢሉ ትክክል ሆኖ ከተገኘም የማታ ወጥሽንና የእሷን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ፣ ማን ምን እንደሚከፍል ተነጋገሩ። ያን ጊዜም ቢሆን አብሮ አደግ በመብራት አይለወጥም።

የደረሳችሁበትን ጻፊልን። ሌሎቻችሁም የደባልነት ጣጣችሁን ላኩልን፤ ስም አናወጣም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!